ለራሴ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

ይህ የገጠመኝ በ1976 ዓ.ም. መስከረም ወር፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በተወለድኩባት በእጃጂ ነው። እጃጂ ከአምቦ ወደ ነቀምት ሲኬድ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፈች ትንሽ ከተማ ናት። የከተማው ሰው እስከ ዛሬ ሲያየኝ “ሽማግሌ የላከችው ልጅ” እያለ ይስቅብኛል። ልጅነቱ ካለፈ ቆይቷል፤ ስሙ ግን አልለቀቀኝም። እኔም አብሬ እስቃለሁ። የሚስቁት ግን የነገሩን ግማሽ ብቻ ስለሚያውቁ ነው። ሌላውን ግማሽ እኔው ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

አባቴ ጋሽ ሸምሱ ይባል ነበር። በወጣትነቱ ከስልጤ መጥቶ እጃጂ ላይ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው። ጨው፣ ጋዝ፣ ሳሙና፣ አቡጀዲ ይሸጣል። ከገበሬው ጋር በኦሮምኛ፣ ከመንግሥት ሠራተኛው ጋር በአማርኛ፣ ሲናደድ ደግሞ በአገሩ ቋንቋ ይናገራል። አንድ ጊዜ አይሆንም ካለ አለቀ። እኔም የሱ ልጅ ነኝ፤ እልኸኝነቱን ሳይቀንስ ነው ያወረሰኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት አምቦ፣ የእናቴ እህት ቤት ተቀምጬ ነው። ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ባያስገባኝም ነቀምት ላይ ለመምህርነት እንድሠለጥን ተመደብኩ። ደብዳቤውን የአውቶቡስ ረዳት ከአምቦ ይዞልኝ መጣ። እስከ ጥቅምት 3 ቀን ሪፖርት ያላደረገ ሰው በተጠባባቂ ይተካል ይላል። መንገድ ዳር ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አስተማሪ መሆን ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ የምመኘው ነገር ነበር።

አባቴ ደብዳቤውን አየት አደረገና አጥፎ መለሰልኝ።

“አይሆንም” አለና አቡጀዲውን መለካቱን ቀጠለ።

ለምን እንደሆነ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ሁላችንም እናውቀዋለን። ታላቅ ወንድሜ አብዱ አምቦ ይማር ነበር። በ1969 ለእረፍት ቤት መጥቶ ሳለ ከአባቴ ጋር ተጣሉ። አባቴ “አርፈህ ተማር፣ የመንግሥት ነገር ምን አገባህ?” ይለዋል። አብዱ ደግሞ “የናንተ ዘመን ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የኖረው” ብሎ ይመልስለታል። ሁለት ቀን ተኮራርፈው ዋሉ። በሦስተኛው ቀን አባቴ በማለዳ ሱብሂ ሊሰግድ መስጊድ በሄደበት አብዱ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ባገኘው መኪና ወደ አምቦ ሄደ። ዘመኑ የቀይ ሽብር ዘመን ነው። ከወር በኋላ ተያዘ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለበትን የሚነግረን ሰው አላገኘንም። አባቴ ብርድ ልብስና ስንቅ ይዞ ከበር በር ሲንከራተት፣ ስንቁን እንደያዘ ሲመለስ አስታውሳለሁ። ሞተም ስላልተባለ ለቅሶ አልተቀመጥንም። ስሙን በቤታችን የሚያነሳ ግን አልነበረም።

እኔን አምቦ እንድማር የፈቀደልኝ አክስቴ ስላለች ነው። ዕቃ ሊያመጣ በሄደ ቁጥር እቤቷ ጎራ ብሎ ሳያየኝ አይመለስም ነበር። ነቀምት ግን ዘመድ የለንም።

አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላ የራስን እንጂ የሌላውን ሐዘን ማየት ይከብዳል። አኮረፍኩ። ምግብ አልበላም ብዬ ሁለት ቀን ቆየሁና በሦስተኛው ቀን ራበኝ፣ በላሁ። በመጨረሻ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ፊት “አንተ የምትጠብቀው እኔን ሳይሆን ሱቅህን ነው” አልኩት። ፊቱን አዞረና የደንበኛውን ጨው መስፈሩን ቀጠለ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

አንዲት ጓደኛዬ “ዝም ብለሽ አውቶቡሱ ላይ ውጪ። ከሄድሽ በኋላ መታረቁ አይቀርም” አለችኝ። አውቶቡሱ የሚያልፈው በሱቃችን በር ነው። እውነቱን ለመናገር አስቤበታለሁ፤ ሻንጣዬንም አዘጋጅቼ ነበር። ግን አባቴ ከመስጊድ ተመልሶ ባዶ አልጋ ዳግመኛ እንዲያይ ማድረግ አልሆነልኝም። አስፈቅጄ እንጂ ጠፍቼ አልሄድም፣ ቀርቼም አልቀርም ብዬ ቆረጥኩ። እንዴት እንደማስፈቅድ ግን አላውቅም።

መላው የመጣልኝ ጎረቤታችን ያለችውን ልጅ ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሊጠይቁ ሲመጡ ነው። አባቷ በከተማው የታወቀ ቁጡ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹን ሲያይ ግን ብድግ ብሎ ኮቱን ቆለፈና እንደ በግ ለስልሶ ቆመ። የኔም አባት ለእናቴ፣ ለአክስቴም ሆነ ለኔ የማይሰጠውን ጆሮ ለሽማግሌ ይሰጣል። ታዲያ እኔስ ብልክ? ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ ኦቦ ጉርሜሳ ዘንድ ሄድኩ። ኦቦ ጉርሜሳ ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። አባቴ እጃጂ ሲመጣ በመጀመሪያ ያስጠጉት እሳቸው ነበሩ። በአካባቢያችን እሳቸው ያልሸመገሉበት ጋብቻ ያለ አይመስለኝም። ጭቃውን ለአንድ ሰዓት ያህል እየረገጥኩ ሄጄ ስደርስ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ቀንበር ይጠርባሉ።

“አካም ቡልታኒ፣ ኦቦ ጉርሜሳ” ብዬ ሰላም አልኳቸውና ነገሩን ዘረገፍኩት። ሰምተውኝ ሲያበቁ ሳቁ።

“ኢንታላ ኮ” አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። “ሽማግሌ የሚልክ እኮ ወንድ ነው።”

“ወንድ ልጅ ቢልክዎት እኔን ሊጠይቁለት አባቴ ዘንድ ይሄዱ ነበር?”

“ኤዬ፣ እሄዳለሁ እንጂ።”

“እሱ ቢያገባኝ ወደ ሌላ አገር ሊወስደኝ ይችል የለ? እኔም ሌላ አገር ልሂድ ነው ያልኩት። ልዩነቱ ራሴን የምወስደው እኔው መሆኔ ነው።”

መጥረቢያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ “ብቻዬን ደንብ አይሆንም። ሁለት ሰው ጨምሪ” አሉ።

ሁለተኛው ሰው የአባቴ የመስጊድ ጓደኛ ሐጂ ከድር ሆኑ። በመጀመሪያ “ከወዳጄ ልታጣዪኝ ነው?” ብለው እምቢ አሉኝ። ኦቦ ጉርሜሳ መስማማታቸውን ስነግራቸው ከኋላ መቅረቱን አልወደዱትም። ሦስተኛው ከሱቃችን በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፉት ጋሽ ታደሰ ናቸው። እሳቸው ሳልጨርስ ነው እሺ ያሉኝ፤ የኔንና የአባቴን ጭቅጭቅ በየቀኑ መስማት ሰልችቷቸዋል።

ቀኑን እሑድ፣ ሰዓቱን ማለዳ አደረግሁት። አባቴ ከሱብሂ እንደተመለሰ፣ ሱቁን ሳይከፍት ድረሱ አልኳቸው። ሽማግሌ ማልዶ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ማልዶ የሚመጣ ሽማግሌ ሁሉ ለጋብቻ እንደማይመጣ ግን አላሰብኩም። ለእናቴም አልነገርኳት፤ እናቴ ከአባቴ የምትደብቀው ነገር የለም።

መስከረም 21 ቀን ገና በደንብ ሳይነጋ ሦስቱም ነጠላቸውንና ጋቢያቸውን ተከናንበው ከደጃችን ቆሙ። እናቴ በመስኮት አየቻቸውና ፊቷ በራ።

“ሰዓዳ፣ ጓዳ ግቢ። ላንቺ ሳይሆን አይቀርም” አለችኝ በሹክሹክታ።

የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትቀርብም። ጓዳ ገብቼ ከመጋረጃው ጀርባ ቆምኩ። እናቴም መጥታ እጄን ያዘች። መዳፏ ሞቅ ያለ ነበር። ያን ጊዜ ባለመንገሬ አፈርኩ፤ ግን ረፍዷል።

አባቴ “ግቡ፣ ተቀመጡ” አላቸው።

“ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አሉ ኦቦ ጉርሜሳ ዱላቸውን ተደግፈው። “ልጅህን ፈልገን መጥተናል።”

ከዚያ በኋላ የሆነው የልማድ ነገር ነው። ኦቦ ጉርሜሳ ይህን ንግግር በሕይወታቸው ስንት ጊዜ እንዳደረጉት እሳቸውም አያውቁትም። አፋቸው ራሱ መንገዱን ያውቀዋልና ሄደበት። ጠያቂው የጨዋ ልጅ ነው፣ ሥራ ወዳድ ነው፣ አባቱም በአገሩ የተከበረ ሰው ነው እያሉ ቀጠሉ። ጋሽ ታደሰ ሊያስቆሟቸው ሁለት ጊዜ ሳሉ። ሰሚ የለም።

“ጥሩ” አለ አባቴ። “የማን ልጅ ነው?”

ኦቦ ጉርሜሳ ቆም አሉ። የት እንደደረሱ ገና አሁን ነው የታወቃቸው።

“እንግዲህ…” አሉ፣ “የጠያቂው አባት አንተ ነህ፣ ሸምሱ።”

በመጋረጃው ቀዳዳ አባቴን አየዋለሁ። ፊቱ ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁት።

“አብዱ?” አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም። “ስለ አብዱ ነው የመጣችሁት?”

ያኔ ገባኝ። ሦስት ሽማግሌ፣ በማለዳ፣ አንቀመጥም ብለው ቆመው። መርዶ የሚያረዳም ሰው እንዲሁ ነው የሚመጣው። አባቴ ይህን ሰባት ዓመት ሙሉ ሲፈራው ኖሯል። እኔ ደግሞ በገዛ እጄ ደጁ ላይ አቆምኩለት።

እናቴ እጄን ለቃ “ልጄን!” ብላ ጮኸች። መጋረጃውን ገንጥላ ወጣች። ሐጂ ከድር “የለም፣ የለም! ክፉ አይደለም!” ይላሉ። ኦቦ ጉርሜሳ ዱላቸውን ጥለው አባቴን በሁለት ትከሻው ያዙትና “ሰዓዳ ናት! የላከችን ሰዓዳ ናት!” እያሉ ይጮኻሉ። ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ ወደ ግቢያችን መግባት ጀመረ። ሰው እስከ ዛሬ የሚስቀው ይህቺን ይዞ ነው።

አባቴ መደቡ ላይ ቁጭ አለ። እኔ ጓዳ ውስጥ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን እዚያ መደበቅ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ውርደት ሆኖ ታየኝ። ወጣሁ።

“አንቺ ነሽ?” አለኝ።

“እኔ ነኝ፣ አባባ።”

“ሽማግሌ ሰብስበሽ ልታስገድጂኝ?”

“ላስገድድህ አይደለም። ስላስደነገጥኩህ ይቅር በለኝ።” አልኩት። “አብዱ ሳይነግርህ ሄደ። እኔም ሳልነግርህ መሄድ እችል ነበር፣ አውቶቡሱ በበራችን ነው የሚያልፈው። አላደርገውም። ግን እዚህ አልቀርም፣ አባባ። እሺ እስክትለኝ እጠይቅሃለሁ። ነገም እጠይቅሃለሁ፣ ከነገ ወዲያም።”

የአብዱ ስም በዚያ ቤት ከተጠራ ስንት ዓመቱ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታለቅሳለች። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። አባቴ ወደነሱ ዞረ።

“ለጥያቄ የመጣ ሰው በዕለቱ መልስ አይሰጠውም። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ” አላቸው።

ሽማግሌዎቹ ፊታቸው ፈታ አለ። ቀጠሮ መስጠት እምቢታ አይደለም። ተቀመጡ፣ የቀረበላቸውንም በሉ። እኔ ግን በጣቴ ቆጠርኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥቅምት 5 ነው። ደብዳቤው ጥቅምት 3 ያበቃል።

“አባባ፣ ቀኑ እኮ…” ስል አቋረጠኝ።

“ደንቡ ነው። ደንቡን ያመጣሽው አንቺ ነሽ።”

ነጋዴ ነው አላልኳችሁም? በራሴ ገመድ አሰረኝ። እንግዶቹ ሲወጡ ደግሞ እናቴ አንድ ጥፊ አቀመሰችኝ። በሕይወቷ የመታችኝ ያን ቀን ብቻ ነው፤ ይገባኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ረጅም ነበሩ። አላኮረፍኩም፣ አልቅሼም አልለመንኩም። በየጠዋቱ ሱቁን አብሬው እከፍታለሁ፣ ጨው እሰፍራለሁ፣ ደንበኛ አስተናግዳለሁ። ማታ ሱቁን ስንዘጋ “አባባ፣ ነቀምት ልሂድ?” እለዋለሁ። “ቀጠሮ አለ” ይለኛል። ሻንጣዬን አልጋዬ ሥር አልደበቅሁትም፤ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ከሱቁ በር አጠገብ አስቀመጥኩት። ደንበኞችን ያደናቅፋል። አንሺው ግን አላለኝም። የነቀምቱ አውቶቡስ በየቀኑ እኩለ ቀን ገደማ ጥሩንባውን እየነፋ ያልፋል። አንዳንድ ቀን ጓደኛዬ ያለችው ትክክል ነበር እላለሁ። ሲነጋ ግን እዚያው ነኝ።

መስከረም 30 ቀን አባቴ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ቦቲ ጫማውን አጥልቆ ሱቁን ለኔ ትቶልኝ ወጣ። አባቴ አሞት እንኳ ሱቁን ለሰው የሚሰጥ ሰው አልነበረም። የት እንደሚሄድም አልነገረኝም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እስከ ጉልበቱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተመለሰ። እግሩን ታጥቦ፣ መግሪብ ሰግዶ ሲያበቃ እንደ ልማዴ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ አየኝና “ነገ” አለኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ በደንብ ከወጣች በኋላ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች ሱቃችን ድረስ መጡ። ቀጠሯቸው ገና አራት ቀን ይቀረው ነበር። አባቴ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ ፊታቸው ቆመ።

“ልጄን ሰጥቻለሁ” አለ።

ጋሽ ታደሰ ቀልድ አያልቅባቸውም፤ “ለማን?” አሉት።

“ለጠየቀችኝ።”

በዚያው ቀን ሻንጣዬን ይዤ ስነሳ ኦቦ ጉርሜሳ እጃቸውን ዘርግተው “ነጋን ዴሚ፣ ነጋን ጋሊ” ብለው መረቁኝ። በሰላም ሂጂ፣ በሰላም ግቢ ማለት ነው። አባቴ ሻንጣዬን ራሱ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ጫነልኝ። ገመዱን ሦስት ጊዜ አጠበቀው።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ከተማው ያውቀዋል። የማያውቁት አባቴ በዚያ ጭቃ የት ደርሶ እንደመጣ ነው። እኔም የሰማሁት በሁለተኛው ዓመት ከኦቦ ጉርሜሳ አፍ ነው። የሴት ልጅ አባት ሽማግሌ ቤት ድረስ ሄዶ መልስ ሲሰጥ ሰምተው አያውቁም። አባቴ ግን ሄዶ ደጃፋቸው ላይ ቆሞ እንዲህ አላቸው፦

“ቀጠሮውን ያራቅሁት ቀኑ እንዲያልፍባት ብዬ ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ። ከመስጊድ በተመለስኩ ቁጥር መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አልጋዋን አያለሁ። ዛሬስ ሄዳለች እላለሁ። አለች። ልትሄድ ስትችል አልሄደችም። እንዲህ ያለችውን ልጅ እንዴት ልያዛት?”

በየጠዋቱ እያየኝ እንደነበር አላውቅም ነበር። እኔ ተኝቼ ነበር።

ሠልጥኜ እንደጨረስኩ ከአምቦ በስተምሥራቅ፣ ደንዲ ውስጥ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተመደብኩ። በመጀመሪያው የትምህርት እረፍት ለአባቴ ኮት፣ ለእናቴ ሻርፕ ገዝቼ ወደ እጃጂ መጣሁ። የመጣሁበት አውቶቡስ አምቦን አልፎ ነው የሚመጣው። አባቴ እንደምመጣ ስለሰማ መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ወርጄ አቀፍኩት። እሱም አቀፈኝ፤ ዓይኑ ግን በትከሻዬ ላይ አልፎ አውቶቡሱ በር ላይ ቀረ።

ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል አባቴ “ሌላ ወራጅ የለም?” ብሎ ጠየቀው።

“የለም፣ ጋሼ። እሷ ብቻ ናት።”

ያኔ ቅር አለኝ። ስንት ለፍቼ አስተማሪ ሆኜ፣ ደመወዝ ተቀብዬ፣ ኮት ገዝቼ መጥቼ አባቴ ሌላ ሰው ይጠብቃል ብዬ ተከፋሁ። ብዙ ዓመት አለፈ። ልጆች ወለድኩ፣ አስተማርኩ፣ ልጆቼም በተራቸው በስልክ “ማሚ፣ ሄጄልሻለሁ” እያሉኝ ይሄዳሉ። አባቴም እናቴም አልፈዋል፤ የአብዱን ነገር ሳይሰሙ ነው ያለፉት።

ዛሬ ሳስበው በዚያ ማለዳ አባቴን በማስደንገጤ እጸጸታለሁ፤ ይህን ጸጸት ይዤው እሞታለሁ። በመሄዴ ግን አንድም ቀን አልተጸጸትኩም። ቢደገም አሁንም ሽማግሌ እልክ ነበር። ድሮ አባቴን ያሸነፍኩት ይመስለኝ ነበር። አሁን የማውቀው፣ አንዱን ልጁን የወሰደበት መንገድ ላይ ሌላዋን ልጁን በገዛ እጁ ጭኖ የላከ ሰው እንደነበር ነው።